ሲያሸንፍ የኛ፣ ሲሸነፍ የባዕድ ልጅ



ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ እዚሁ አዲስ አበባ ስታዲየም። ተጋጣሚዋ ግብፅ ነበረች፤ ከዚያ በፊት የተካሄዱትን ሁለቱንም ውድድሮች ያሸነፈች አገር። ባደዊ የሚባለው አጥቂያቸው በመጀመሪያው አጋማሽ አገባ። ግርማ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ቢያደርገንም፣ በደስታ የተነሳው ሕዝብ ገና ሳይቀመጥ ባደዊ ደገመ። ስድስት ደቂቃ ሲቀር የኢትዮጵያ አምበል 2 ለ 2 አደረገውና ጨዋታው ወደ ጭማሪ ሰዓት ሄደ። በጭማሪው የአምበሉ ታናሽ ወንድም ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አስቆጠሩ። አምበሉም ወጥቶ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

መንግሥቱ ወርቁን ኳስ የሚወድ ሁሉ ያውቀዋል። አምበሉ ማን ነበር ብለን የሰፈራችንን ወጣቶች ስንጠይቅ ግን የሚመልስልን ጥቂት ነው። ሉቺያኖ ቫሳሎ ይባላል። ወንድሙ ደግሞ ኢታሎ። በዚያ ቀን ከገቡት አራት ጎሎቻችን ሁለቱ የእነዚህ ወንድማማቾች ናቸው።

ስማቸው የጣሊያን ነው። ጊዜውን እናስበው እስቲ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጣሊያን በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ያን ሁሉ ደም ካፈሰሰ ገና 25 ዓመቱ ነበር። ስታዲየም ከገባው ሰው መካከል በዚያ ጭፍጨፋ አባቱን ወይም አጎቱን ያጣ እንደነበረ ለማወቅ መዝገብ ማገላበጥ አያስፈልግም። ይህ ሕዝብ ነው «ቫሳሎ» የሚባል ሰው ሲያገባ ብድግ ብሎ ያጨበጨበው። በዚህ በኩል ስናየው የሚያኮራ ታሪክ ነው። ሌላ በኩል ግን አለው፤ ዛሬ ልናወራ የፈለግነውም እሱን ነው።

ሉቺያኖ የተወለደው ነሐሴ 1927 ዓ.ም. አስመራ ውስጥ ነው። የጣሊያን ጦር ኢትዮጵያን ለመውረር ኤርትራ ላይ የተከማቸበት ወቅት ነበር። አባቱ ከዚያ ጦር አንዱ ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት። እንዲህ የተወለዱ ልጆች አንድ ሁለት አልነበሩም። የፋሺስቱ መንግሥት በ1929 ዓ.ም. ጣሊያናዊ ወንድ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር የሚከለክል ሕግ አወጣ። በ1932 ዓ.ም. ደግሞ ጭራሽ ባሰበት፤ ጣሊያናዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ ልጄ ብሎ እንዳይቀበል በሕግ ተከለከለ። አባት ልጁን እንዳይወድ ሕግ ሲወጣ አስቡት! ኢታሎ የተወለደው በዚያው ሰሞን ነው።

ክልሶቹ ለጣሊያኖቹ ከነጭ ደም ጋር የተቀላቀለ ጉድፍ ነበሩ። ለአገሬው ደግሞ የወራሪው ዘር። ሉቺያኖ በኋላ ስለ ልጅነቱ ሲናገር ከሁለቱም ወገን ንቀት እየቀመሰ እንዳደገ ይናገር ነበር። የመጀመሪያ ክለቡ ስቴላ አስማሪና የክልሶች ቡድን ነበር፤ በሜዳው ዳር የሚሰማው ስድብም ለተጋጣሚ ቡድን ከሚሰነዘረው ተራ ስድብ የተለየ ነበር። ተራው ስድብ እግርን ይሰድባል፤ ይኼኛው እናትን ነበር የሚሰድበው። ኑሮው በመካኒክነት፣ ስሙ በኳስ ሆኖ አደገ። ከዚያ ወደ ድሬዳዋ ወርዶ ለጥጥ ፋብሪካው ክለብ ለኮተን ተጫወተ። ኮተን በእነዚያ ዓመታት የአገሪቱን ሻምፒዮናነት ደጋግሞ የወሰደ ክለብ ነው፤ የድሬ ልጆች ይህን ሲሰሙ ደስ እንደሚላቸው እናውቃለን።

አሁን ወደ 1954ቱ ውድድር እንመለስ። በእግር ኳሳችን ታሪክ ተደጋግሞ የሚተረክ ነገር አለ። ከውድድሩ በፊት ከላይ ያሉ ሰዎች በአምበሉ ጉዳይ ተከፉ። ክልስ የሆነ፣ የጣሊያን ስም የያዘ ሰው እንዴት የኢትዮጵያ አምበል ይሆናል? እንዴትስ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ይቆማል? አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ግን እምቢ አሉ። ሉቺያኖ አምበል ሆኖ ገባ፣ በዚያው ስሙ። ይድነቃቸው በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የመሩ፣ የአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ወደ ውድድሩ እንዳትገባ ዕድሜ ልካቸውን የታገሉ ሰው ናቸው። ለእኛ ግን ከዚያ ሁሉ በላይ የሚታየን ይኼ ነው። ሰው የራሱ አለቆች ፊት ቆሞ ለአንድ ተጫዋች ሲከራከር የሚያጨበጭብለት ታዳሚ የለም።

እስቲ ያ ጨዋታ በሌላ ውጤት አልቆ ቢሆንስ? በ84ኛው ደቂቃ የአምበሉ ኳስ ወደ ውጭ ቢወጣስ? 2 ለ 1 በሜዳችን፣ በንጉሡ ፊት ብንሸነፍ በማግስቱ ፒያሳና መርካቶ ምን ይባል እንደነበር መገመት ይከብዳል? «ጣሊያን ምን ያድርግልን» ነዋ! አንድ ኳስ ሦስት እርምጃ ወደ ግራ ቢሄድ ሰውየው ከኢትዮጵያዊነት ይባረር ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዜግነት ደግሞ ዜግነት አይባልም፤ ውሰት ነው።

ሉቺያኖ ኳስ ካቆመ በኋላ አሰልጣኝ ሆነ። በደርግ ዘመን አገር ጥሎ በጅቡቲ በኩል ወደ ጣሊያን ሄደ። ሮም አጠገብ ባለችው በኦስቲያ መካኒክ ሆኖ ሠራ፣ ለልጆች የእግር ኳስ ትምህርት ቤትም ከፈተ። አዲስ አበባ ላይ ጣሊያናዊ የተባለው ሰው ጣሊያን ሲገባ ማን እንደተባለ መናገር አያስፈልገንም። የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ ለመጽሐፉ የሰጠው ርዕስ በአማርኛ «እማዬ፣ ገንዘቡ ይኸው» እንደማለት ነው። መስከረም 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ ሮም ውስጥ አረፈ። ያን ሰሞን ገጾቻችን ሁሉ ስለ አውሮፓ ክለቦች ዝውውር ያወሩ ነበር።

ይህን ታሪክ ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጀሞ እስከ ሳሪስ፣ ከመካኒሳ እስከ ጎፋ፣ ቅዳሜና እሁድ ጨዋታ የሚታይባቸውን ቤቶች የምናውቅ ነን። ከመግሪብ በኋላ ልጆቻችን የት እንዳሉ ማንም አይጠፋውም። ኳስ ማየቱን አንቃወምም፤ ሰላት እስካላሳለፈ ድረስ ሐላል ነው አይደለም በሚለው ክርክር ዛሬ አንገባም። የሚያሳስበን አፋችን ነው። አውሮፓ ውስጥ ሙስሊምና ጥቁር ተጫዋቾች ሲሰደቡ እንቆጣለን፣ ሼር እናደርጋለን፣ «ዘረኞች» እንላለን። እውነት ነው፣ ዘረኞች ናቸው። ግን እኛስ?

መጀመሪያ የእነሱን እንይ። እዚያም የእኛ ልጅ አለ። ቴዎዶር ገብረ ሥላሴ አባቱ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቱ ቼክ ናት፤ ተወልዶ ያደገውም ቼክ ውስጥ ነው። ለቼክ ብሔራዊ ቡድን የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች እሱ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 8 ቀን 2012፣ በአውሮፓ ዋንጫ የመጀመሪያ ጨዋታቸው፣ ፖላንድ ቭሮትስዋፍ ላይ ሩሲያ ቼክን 4 ለ 1 ስታሸንፍ ከሩሲያ ደጋፊዎች በኩል በዘሩ የሚሳለቅ ድምፅ እንደተሰማበት ተነግሮ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ምርመራ ከፈተ። ልጁ 25 ዓመቱ ነበር። እሱ ግን ነገሩን አላጋነነውም፤ ሰምቻለሁ ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ቼክ ያን ምድብ አንደኛ ሆና አለፈች፤ ሩሲያ ተሰናበተች። ከዚያ በጀርመኑ ቬርደር ብሬመን እስከ 2021 ተጫወተ። አዲስ አበባ ላይ «የሐበሻ ልጅ» ብለን ስንኮራበት፣ እዚያ ደግሞ በዚያው በሐበሻነቱ ተሰደበ።

የሜሱት ኦዚልን ነገር ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ አንዳንዱ ዝርዝር ግን ተረስቷል። ጀርመን ጌልዘንኪርሽን ተወልዶ ለጀርመን መጫወትን የመረጠ የቱርክ ዝርያ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 «ባምቢ» የተባለውን የታወቀ የጀርመን ሽልማት ወሰደ፤ ሽልማቱ የተሰጠው ከማኅበረሰቡ ጋር በመዋሃድ አርአያነቱ ነው። ልብ በሉ፤ በተወለደበት አገር «በደንብ ተዋህደሃል» ተብሎ ተሸለመ። በ2014 የዓለም ዋንጫን አመጣላቸው። በ2016 ዑምራ አድርጎ ከመካ ፎቶ ሲለጥፍ ከቀኝ አክራሪው ፓርቲ ሰዎች ተነሱበት። በግንቦት 2018 ከኤርዶጋን ጋር ፎቶ ተነሳ፤ በሰኔ መጨረሻ ጀርመን ካዛን ላይ በደቡብ ኮሪያ 2 ለ 0 ተሸንፋ ከምድብ ወጣች። ያኔ በሩ ሁሉ ተከፈተበት።

እዚህ ላይ ሚዛን እንያዝ። ፎቶውን መተቸት ይቻላል። ከፖለቲከኛ ጎን የሚቆም ዝነኛ ሰው ለምን ቆምክ ቢባል ግፍ አይደለም፤ መልስ መስጠት ይችላል። አጨዋወቱም ቢተች ያው ነው፤ በዚያ ዓለም ዋንጫ ጥሩ ነበር የሚል የለም። ነገር ግን ደቡብ ኮሪያ ያገባቻቸው ሁለት ጎሎችና ያ ፎቶ ምን አገናኛቸው? ቡድኑ 23 ተጫዋች ነበረው። ሽንፈቱን ከነጓዙ የተሸከመው ግን አባቶቹ ከአናቶሊያ የመጡት ልጅ ነው። ሐምሌ 22 ቀን ከብሔራዊ ቡድኑ መልቀቁን ባሳወቀበት ረጅም ደብዳቤ ላይ ያለው ዋና ቅሬታም ይኸው ነበር፤ ስናሸንፍ ጀርመናዊ፣ ስንሸነፍ መጤ እባላለሁ የሚል። ሉቺያኖ ይህን ደብዳቤ ቢያነብ የራሱን ታሪክ በሌላ ሰው እጅ ተጽፎ ያገኘው ነበር።

የደጋፊው ስድብ ደግሞ ከሰማይ አይወርድም። አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያለሰልስለት ጋዜጣ አለ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2018 ራሂም ስተርሊንግ ሁለት የጋዜጣ ርዕሶችን ጎን ለጎን አድርጎ ለጠፈ። ሁለቱም ስለ ማንቸስተር ሲቲ ወጣት ተጫዋቾች ናቸው፤ ሁለቱም ቤት ስለ መግዛት። ፊል ፎደን ነጭ ነው፤ ርዕሱ ለእናቱ ቤት ስለገዛ ጎበዝ ልጅ ያወራል። ቶሲን አዳራቢዮዮ ጥቁር ነው፤ ዕድሜው 20 ነበር፤ የሱ ርዕስ ደግሞ የሳምንት ደመወዙን ጠቅሶ፣ አንድም የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ በቋሚነት ሳይጀምር ገንዘብ እንደሚበትን አስመስሎ ያቀርበዋል። የተጻፈ ውሸት የለም። ስድብም የለም። አንዱ ቤት ምርቃት ሆነ፣ ሌላው ብክነት። አንባቢው ግን ሳያውቀው ተመርዟል፤ ልጁ ሜዳ ላይ የተሳሳተ ቀን የሚወጣው ስድብ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

እነዚህን ርዕሶች እዚህ እኛ ጋ የሚያደርሱልን የኤፍኤም ስፖርት ፕሮግራሞችና የቴሌግራም ቻናሎች ናቸው። ዜናውን ሲተረጉሙ ቅጽሉንም አብረው ይተረጉሙታል። «ትዕቢተኛው»፣ «ገንዘብ ያበላሸው»፣ «ሰነፉ»። የላፍቶ ልጅ በዓይኑ አይቶት የማያውቀውን፣ ድምፁን እንኳ ያልሰማውን የ19 ዓመት ልጅ «ትዕቢተኛ ነው» ሲል ከየት አመጣው? ተሰጥቶት ነው። አንድ ሰው ስለ ጎረቤታችን እንዲህ ቢያወራልን «ምስክር አለህ ወይ?» እንላለን። ስለ ተጫዋች ሲሆን ምስክር የሚጠይቅ የለም። ሐሜት ደግሞ ባሕር ማዶ ስላለ ሰው ሲሆን ሐሜትነቱ አይቀርም።

ከዚያ ሐምሌ 11 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. መጣ። እንግሊዝና ጣሊያን፣ ዌምብሌይ፣ የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ። 1 ለ 1 አልቆ በፍጹም ቅጣት ምት ጣሊያን 3 ለ 2 አሸነፈች። ራሽፎርድ ምሰሶ መታ፤ የሳንቾና የሳካ ኳሶች ተያዙ። ሳካ 19 ዓመቱ ነበር፤ ለንደን ተወልዶ ያደገ የናይጄሪያውያን ልጅ። 55 ዓመት ዋንጫ ያላየ አገር የመጨረሻውን ምት ለ19 ዓመት ልጅ ሰጠ። ኳሱ ከተያዘ በኋላ ምን እንደተጻፈ አንደግመውም። ማንቸስተር ውስጥ የራሽፎርድ ምስል የተሳለበት ግድግዳ ተበላሸ፤ የሰፈሩ ሰዎች ደግሞ ወጥተው ስድቡን በደብዳቤና በልብ ቅርጽ ሸፈኑት።

በዚህ ታሪክ እኛን የሚነካው ግን ሌላ ቁጥር ነው። የእንግሊዝ ፖሊስ ጽሑፎቹን መርምሮ 207ቱን ወንጀል ናቸው ብሎ ለየ። ባለቤቶቻቸው ሲፈለጉ 34ቱ አካውንቶች እንግሊዝ ውስጥ ያሉ ናቸው፤ 123ቱ ከእንግሊዝ ውጪ ናቸው። አብዛኛው ስድብ የተላከው እንግሊዝን ከሩቅ ከሚያዩ ሰዎች ነው። ከየትኞቹ አገሮች እንደሆነ እኛ እዚህ መጥተን አንፈርድም። ግን «ይህ የነጮች በሽታ ነው» ብሎ እጁን መታጠብ የሚፈልግ ሰው ካለ 123 የምትለዋን ቁጥር ይያዝልን።

እስቲ አሁን ወደ ሰፈር እንምጣ። የእኛ ሊግም የውጭ ልጆች አሉት። ኡጋንዳዊው በረኛ ሮበርት ኦዶንካራ ለዓመታት የጊዮርጊስን ጎል ጠብቋል። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ከታች ባደገበት ዓመት ሻምፒዮን ሲሆን ጎሎቹን ይዞ የወጣው ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ነበር፤ የዓመቱ ኮከብ ግብ አግቢም እሱ ሆነ። ከእነዚህ ስም ካላቸው ሌላ በየክለቡ መጥተው የሄዱ፣ ቋንቋ የማያውቁ፣ በእንግዳ አገር ብቻቸውን ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ሲያገቡ «የኛ አንበሳ» ይባላሉ። ሲስቱስ?

አንድ ቃል አለ። መጻፉ ያሳፍራል፤ ካልጻፍነው ደግሞ ስለምን እንደምናወራ አይታወቅም። «ባሪያ»። ይህ ቃል በስታዲየም ወንበር ላይ፣ ጨዋታ በሚታይባቸው ቤቶች፣ ከመስጂድ ወጥተው በቀጥታ ወደዚያ ከሄዱ ልጆች አፍ ሲወጣ ሰምተናል። ለናይጄሪያዊው፣ ለጋናዊው፣ በስክሪን ላይ ላለው ሴኔጋላዊም። ተናጋሪው ደግሞ ራሱ አፍሪካዊ ነው! ስንጠይቀው «ቀልድ ነው» ይላል፤ «ኳስ ላይ እኮ ነው»። ኳስ ላይ የተባለ ቃል መላኢካዎች አይጽፉትም የሚል ደርስ የት ተሰጥቶ እንደሆነ ይነገረን።

እኛ በቢላል ሐበሻዊነት የምንኮራ ሰዎች ነን። ልጆቻችንን በስሙ እንጠራለን፤ የመጀመሪያው ሙአዚን የኛ ሰው ነው እንላለን። ቢላል (ረ.ዐ) ደግሞ ባሪያ ነበር። ያንን ቃል ለስድብ የሚያወጣ ሰው በመጀመሪያ የሚደርሰው ማን ጋ እንደሆነ አስቦት ያውቃል?

በቡኻሪ ዘንድ የታወቀ ሐዲስ አለ። አቡ ዘር (ረ.ዐ) ከአንድ ሰው ጋር ተጋጭተው ዓረብ ባልሆነች እናቱ አነወሩት። ነገሩ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሲደርስ አቡ ዘርን የጃሂሊያ ነገር ገና ያልለቀቃቸው ሰው መሆናቸውን ነገሯቸው። አቡ ዘር ተራ ሰው አልነበሩም፤ ከመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች አንዱ ናቸው። ጥፋታቸውም ሰውየውን አጥፍተሃል ማለታቸው አልነበረም። ጠብ ነበር፣ ጠብ ያጋጥማል። ጥፋቱ ከጠቡ ተነስተው ወደ እናቱ መሻገራቸው ነው። ሉቺያኖ አስመራ ላይ ሲጫወት የሚሰማው ስድብ፣ ኦዚልን ከጎሉ ወደ አባቱ አገር የወሰደው ክስ፣ የኛ ሰፈር «ቀልድ»፣ ሁሉም የሚሻገሩት በዚያችው ድልድይ ነው።

ወጣቶች ሲከራከሩን «ታዲያ ተጫዋች አይተችም?» ይሉናል። ይተቻል እንጂ። ሳካ ያን ቀን ኳሱን ለበረኛው በሚመች ከፍታ መታው፤ ይባላል። አሰልጣኙ የመጨረሻውን ምት ለ19 ዓመት ልጅ መስጠቱ ስህተት ነው፤ ይባላል፣ እኛም እንላለን። አማካዩ ኳስ ሲነጠቅ አይመለስም፣ በረኛው በማዕዘን ምት አይወጣም፣ አጥቂው በግራ እግሩ አይሠራም። ሌሊቱን ሙሉ ብንከራከርበት የሚያልቅ አይደለም። ይህን ሁሉ ስንል ስለ እግሩ፣ ስለ ጭንቅላቱ፣ ስለ አቋቋሙ ነው ያወራነው። የቆዳው ቀለም በየትኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስፈለገን?

አንድ ነገር ጨምረን እናቁም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 2024 በአውሮፓ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ እንግሊዝ ከስዊዘርላንድ ተገናኘች። 1 ለ 0 እየተመራች አሥር ደቂቃ ሲቀራት ሳካ ከቀኝ ገብቶ በግራ እግሩ አቻ አደረጋት። ጨዋታው እንደገና ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሄደ። ሳካ ሄዶ ኳሷን አስቀመጠ፣ መታ፣ አገባ። እንግሊዝም 5 ለ 3 አለፈች። ያን ምሽት ስሙን በአድናቆት ከለጠፉት አካውንቶች መካከል ከሦስት ዓመት በፊት የጻፉትን ያላጠፉ ነበሩ፤ ወደ ታች ለወረደ ሁለቱም እዚያው ገጽ ላይ ይታያሉ።